60 ኮምፒውተር፣ አንድ ባለሙያ፦ ዊንዶውስና ሶፍትዌርን በኔትወርክ መጫን

ጥያቄው የመጣው ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ከምትሠራ ባለሙያ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሁለት ላብ አለን፤ በእያንዳንዱ 30 ኮምፒውተር። ሁሉንም በፍላሽ አንድ በአንድ ፎርማት አድርጌ ኦፊስ፣ ፒችትሪ (ለሂሳብ አያያዝ)፣ ኤስፒኤስኤስ (ለስታቲስቲክስ) እና ፓወር ግዕዝ (ለአማርኛ ጽሑፍ) ስጭን ሳምንታት ያልፋሉ። መሀል ላይ መብራት ይሄዳል። የመጨረሻውን ስጨርስ የመጀመሪያው ቫይረስ ገብቶበት ይጠብቀኛል። አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ተብሏል። አለቃዬ ከጥምቀት በኋላ፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጀምር፣ ሁሉም እንዲታደስ ይፈልጋል። ጎስት ላድርገው (አንዱን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌሎቹ ልገልብጠው)? በኔትወርክ መጫን ይቻላል ሲባልም እሰማለሁ፤ ሰርቨር ለመግዛት ግን በጀት የለም። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ በኔትወርክ መጫን ይቻላል። ሰርቨር መግዛትም አያስፈልግሽም። ላብሽ ውስጥ ካሉት ሻል ያለው አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርሽ። ዲስኩን ወደ 60 ማሽን መገልበጥ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው ኢሜጁ (ወደ ሁሉም የሚገለበጠው የተዘጋጀ የዲስክ ቅጂ) ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ከውጭ ይቅር የሚለውን መወሰን ነው። እዚያ ላይ ከተሳሳትሽ ስህተቱ 60 ቦታ ይባዛል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ሁሉንም እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

መጀመሪያ ማሽኖችሽን ለዪ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሣ የሚከለክል) የሚችል ዩኢኤፍአይ (ማሽኑን የሚያስነሣው ውስጣዊ ሶፍትዌር)፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ነው። ኢንቴል ከሆነ ባጠቃላይ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በየኮሌጁ የሞሉት የድሮዎቹ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ማሽኖች ብዙዎቹ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ናቸው። እነሱ አያልፉም። መስፈርቱን አልፎ የሚያስጭን ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ፤ አንቺም ሳታዪው አትቀሪም። ለቤትሽ ኮምፒውተር የራስሽ ጉዳይ ነው። ተማሪ ለሚፈተንበት ላብ ግን አልመክርሽም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ዝማኔ የመስጠት ግዴታ የለበትም። አንድ ቀን ቢቋረጥ 30 ማሽን በአንዴ እጅሽ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሚያልፉትን በአንድ ላብ፣ የማያልፉትን በሌላው ሰብስቢ። ወንበርና ጠረጴዛ ሳይነካ ማሽኖቹን ብቻ ማዘዋወር ነው። ለማያልፉት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተራዘመ የደህንነት ዝማኔ መግዛት ነው። በትምህርት ፈቃድ ለሚገዙ ተቋማት ዋጋው ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ኮሌጁ የትምህርት ፈቃድ ስምምነትና የውጭ ምንዛሬ መክፈያ መንገድ ያስፈልገዋል። ሌላው መንገድ ሊነክስ ነው። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ዙቡንቱ ወይም ሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ በ4 ጊጋ ራም ጥሩ ይሠራል። ለብራውዘር፣ ለፕሮግራሚንግ ትምህርትና በብራውዘር ለሚሰጥ የሞዴል ፈተና ምንም አይጎድለውም። አማርኛም አይባስ በሚባለው የኪቦርድ መሣሪያ በኩል ይጻፍበታል። ፒችትሪን ግን እዚያ ላይ አትሞክሪው። የአካውንቲንግ ተማሪዎች ወደ ዊንዶውሱ ላብ ይሂዱ።

አሁን ወደ መሣሪያው። እኔ የምመርጥልሽ ፎግ የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፤ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ይጫናል። ዊንዶውስንም ሊነክስንም ይገለብጣል። ኮምፒውተሮቹ ከኔትወርክ ካርዳቸው ተነሥተው፣ ማለትም በፒኤክስኢ ቡት አድርገው፣ ሰርቨሩን ያገኙታል። ፍላሽ የሚባል ነገር ከሥራው ይወጣል። ፍላሽ ሲወጣ ቫይረስ የሚገባበት አንድ ትልቅ በር አብሮ ይዘጋል። የማይክሮሶፍት የራሱ የድሮ መንገድ ዊንዶውስ ዲፕሎይመንት ሰርቪስስ ነበር። ለዊንዶውስ 11 ግን ከመጫኛው ዲስክ የሚወጣውን የቡት ፋይል ይዞ መጫን ተዘግቷል። አብሮት የሚሠራው ኤምዲቲም ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይደግፍም። እሱን ዛሬ ከዜሮ መማር ጊዜሽን ይበላል። ክሎንዚላ የሚባለው ሌላ ነፃ የመገልበጫ ፕሮግራምም ጥሩ ነው፤ ግን ከገለበጠ በኋላ ማሽኑን ይረሳዋል። ፎግ እያንዳንዱን በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) መዝግቦ ይይዛል። ስሙን ይቀይራል፤ በኋላም ሶፍትዌር ይልካል።

ኔትወርኩ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ፎግ ሲጫን ዲኤችሲፒ (ለማሽኖች የኔትወርክ አድራሻ የማደል አገልግሎት) ልስጥ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። የኮሌጁ ዋና ኔትወርክ ላይ ተሰክተሽ «አዎ» ካልሽ ሁለት አድራሻ ሰጪ በአንድ መስመር ይሆናል። ከሬጅስትራር እስከ ፋይናንስ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ሰው ይበዛል፤ ምክንያቱን ለማወቅም ይቸገራሉ። በጣም ቀላሉ መፍትሔ ይህ ነው። የላቡን ስዊች ከዋናው መስመር የሚያገናኘውን አንዱን ኬብል ንቀዪ። ፎግ ያለበትን ማሽን እዚያው ስዊች ላይ ሰኪ። አሁን ላቡ ደሴት ሆኗል፤ የፈለግሽውን ዲኤችሲፒ ስጪ። ስትጨርሺ ፎግ ላይ ዲኤችሲፒውን አጥፍተሽ ኬብሉን መልሺው። ኋላ ላይ ቋሚ ሰርቨር አድርገሽ ከዋናው መስመር ጋር ማኖር ስትፈልጊ ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ፕሮግራም በፕሮክሲ ዲኤችሲፒ ታስነሺዋለሽ። እሱ አድራሻ አይሰጥም፤ «ቡት ፋይሉ እዚህ ነው» ብሎ ብቻ ይመልሳል። ራውተሩን ማንም ሳይነካ ይሠራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ አለቃሽን ለማስረዳትም ይረዳሻል። ኢሜጁ ተጨምቆ 20 ጊጋ ባይት ይሆናል እንበል። ስዊችሽ የ100 ሜጋ ቢት ከሆነ በተግባር የምታገኚው በሰከንድ 11 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። አንድ ማሽን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። 30 ማሽን ለየብቻ ቅጂ ከጠየቀ ሰርቨሩ 600 ጊጋ በዚያች ጠባብ መስመር ማውጣት አለበት፤ 15 ሰዓት ይወስዳል። የሰርቨሩ መስመር ጊጋ ቢት ቢሆን ያው ሥራ በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል። መልቲካስት ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ዳታውን አንዴ ብቻ ይልካል፤ ሠላሳው ማሽን እኩል ይቀበላል። በ100 ሜጋ ቢት ስዊች እንኳ ሙሉ ላቡ በዚያው በግማሽ ሰዓት አካባቢ ይሞላል። ፎግ ውስጥ መልቲካስት የሚባል ምርጫ አለ፤ እሱን ተጠቀሚ። ስዊች የመግዣ ብር ከተገኘ ጊጋ ቢት ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚገድብሽ የማሽኖቹ የድሮ ሃርድ ዲስክ የመጻፍ ፍጥነት ነው።

መልቲካስት አንድ ጠባይ አለው። ሁሉም የሚሄደው በደካማው ማሽን ፍጥነት ነው። አንዱ ኬብል አይጥ የነካው ወይም ጫፉ በደንብ ያልተጨመቀ ከሆነ ሃያ ዘጠኙ ይጠብቁታል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት በየማሽኑ ጀርባ ያለውን መብራት እዪ፤ ኬብሎቹን ነካ ነካ እያደረግሽ ፈትሺ። የሚያስቸግረውን ከቡድኑ አውጥተሽ ለብቻው ጫኚለት። ላቡንም በአሥር በአሥር ከፍለሽ ብትልኪ ይሻላል። ምክንያቱ ስለ መብራት ስናወራ ይመጣል።

ኢሜጁን ስታዘጋጂ የላብ ማሽን ላይ አትሥሪው። ቨርቹዋል ቦክስ ወይም ሃይፐር ቪ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች) ውስጥ ንጹሕ ዊንዶውስ ጫኚ። የአንድ ሞዴል ድራይቨር ውስጡ አይቀርም። ሲበላሽም አስቀድመሽ ወደያዝሽው ስናፕሾት ትመለሻለሽ። የመጀመሪያው የሰላምታ ገጽ ሲመጣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኚ፤ ተጠቃሚ ሳትፈጥሪ ወደ ኦዲት ሞድ ትገቢያለሽ። ሁሉንም እዚያ ጫኚ። ኢንተርኔት አታገናኚ። ከተገናኘ የስቶር አፖቹ በራሳቸው ይታደሱና ሲስፕሬፕ (ዊንዶውሱን ለመገልበጥ የሚያዘጋጀውን የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ስታስኬጂ «አይቻልም» ብሎ ያቆምሻል። እኛ ሀገር ኢንተርኔት መጥፋቱ የሚጠቅመው እዚህች ላይ ነው።

ሲስፕሬፕን አትዝለዪ። ጎስት ላድርግ ብለሽ ስትጠይቂ ያሳሰበኝ ይሄ ነበር። ጥሬ ኮፒ ከተገለበጠ 60ው ማሽን አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር፣ ሲድ የሚባለውን፣ ይይዛሉ። ለዓመታት ብዙ ባለሙያ «ምንም አይጎዳም» ሲል ኖሯል፤ በአብዛኛውም አልጎዳም። ከኦገስት 2025 መጨረሻ ወዲህ የወጡ የዊንዶውስ 11 ዝማኔዎች ግን ይህን መፈተሽ ጀምረዋል። ተመሳሳይ ሲድ ያላቸው ማሽኖች በኔትወርክ አንዱ ወደ ሌላው መግባት ተከልክለዋል። የተጋራ ፎልደር አይከፈትም፤ ሪሞት ዴስክቶፕ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አይቀበልም። ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው መፍትሔ በትክክለኛው መንገድ እንደገና መጫን ነው። እና «ጄነራላይዝ» የሚለውን ምልክት አድርጊ፣ «ሻትዳውን» ምረጪ፣ ሲጠፋ ዊንዶውሱን ሳታስነሺ በኔትወርክ ቡት አድርገሽ ኢሜጁን ወደ ፎግ ቅጂ። ከዚያ በፊት ፋስት ስታርትአፕን (የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ) አጥፊ፤ ቢትሎከር (የዲስክ መቆለፊያው) አለመብራቱንም አረጋግጪ። ሁለቱም ዲስኩን ዘግተው ይይዙትና ፎግ ማንበብ ያቅተዋል። የፎግ ክላይንት (ማሽኑን ከፎግ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ፕሮግራም) ኢሜጁ ውስጥ ካለ ሰርቪሱን ዲሴብል አድርጊው። ሴትአፕ ሳያልቅ ስም ቀይሮ ሪስታርት ካደረገ ጭነቱ ይበላሻል። ሴትአፕ ሲጨርስ በሚነሣ አጭር ስክሪፕት ታስጀምሪዋለሽ። የላቡ ማሽኖች ላይም በፎግ ለመጫን ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ማጥፋት ሊኖርብሽ ይችላል፤ ስትጨርሺ መልሺው።

ኢሜጁ ውስጥ ምን ይግባ? የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ለመጫን የሚያስቸግርና ብዙ የማይለወጥ ነገር ይግባ። ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ነገር ውጭ ይቅር። ኦፊስ፣ ፒችትሪ፣ የግዕዝ ፎንቶችና ፓወር ግዕዝ ይግቡ። ፒችትሪ ብዙ ጥያቄ እየጠየቀ የሚጫን ነው፤ ያንን 30 ጊዜ መመለስ አያስፈልግም። ክሮም፣ አንቲቫይረስና የፈተና ብራውዘር ግን በየጊዜው ስለሚለወጡ በፎግ ስናፒን (ሶፍትዌርን በኔትወርክ መላኪያው) ይላኩ። ለዚያ የሚያስፈልገው ሶፍትዌሩ ያለ ጥያቄ፣ በዝምታ፣ መጫን መቻሉ ነው። የኤምኤስአይ ፋይል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይቻለዋል። ኢኤክስኢ ከሆነ የሠሪውን መመሪያ ተመልከቺና መጀመሪያ አንድ ማሽን ላይ ሞክሪው። ኤስፒኤስኤስ ለየት ይላል። ፕሮግራሙ ኢሜጁ ውስጥ ይግባ፤ ፈቃዱ ግን አይግባ። ፈቃዱ ከእያንዳንዱ ማሽን መለያ ኮድ ጋር ስለሚታሰር ከተገለበጠ በኋላ አይሠራም።

ስለ ክራክ ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ቦታ ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም አክቲቬት የሚያደርጉት ከቴሌግራም በወረደ ፋይል ነው። ፋይሉ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ አንቲቫይረሱን እንድታጠፊ ነው። ያን ፋይል ኢሜጁ ውስጥ ካስገባሽ አብሮት ያለውን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ለሠላሳ ማሽን አከፋፈልሽ ማለት ነው። አንቺ ላብሽ ውስጥ ካለው ማንኛውም ተማሪ በላይ ቫይረስ የማዳረስ አቅም አለሽ። ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር የተገዙ ማሽኖች ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ስላለ ያው እትም ሲጫን ኢንተርኔት ሲያገኙ ራሳቸው አክቲቬት ይሆናሉ። በደንቡ መሠረት በአንድ ኢሜጅ ብዙ ማሽን ለመጫን ኮሌጁ ቢያንስ አንድ የቮልዩም ፈቃድ (ለተቋማት የሚሸጥ የጅምላ ፈቃድ) መግዛት አለበት። አንድ ብቻ ነው፤ ለአለቃሽ አቅርቢው። ኦፊስ የማይገዛ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ይጫን። ተማሪው ምንም ቢለምድ ከቫይረስ ይሻላል።

ኢሜጁ ሲያልቅ ሁሉም ላይ አትልኪው። ሁለት ማሽን ላይ ልከሽ ተማሪና መምህር አስቀምጪበት። ፒችትሪ ይክፈቱ፣ አማርኛ ይጻፉ፣ ፕሪንት ያድርጉ። ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ቀጥሎ ሙሉ ላብ። ይሄ የትንሽ ቦታ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያው ክራውድስትራይክ አንድ የተበላሸ ዝማኔ በአንዴ ለሁሉም ለቀቀ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ፤ በዓለም ዙሪያ በረራዎች ተሰረዙ። ዝማኔው መጀመሪያ ለጥቂቶች ደርሶ ቢታይ ጉዳቱ እዚያው ይቆም ነበር።

መብራትን በተመለከተ፣ ዩፒኤስ ለ30 ኮምፒውተር አታስቢ። አንድ ካለሽ ለሁለት ነገር ብቻ ስጪው፤ ለፎግ ሰርቨሩና ለስዊቹ። ኮምፒውተሮቹ መሀል ላይ ቢጠፉ የሚጎዳ ነገር የለም፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ይገለበጣሉ። ሰርቨሩ ግን ኢሜጅ እየጻፈ ከጠፋ የሠራሽው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። በአሥር በአሥር ክፈዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። መብራት ቢሄድ የምታጪው የአንድ ቡድን ግማሽ ሰዓት ነው። የኢሜጁን ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ አስቀምጪ፤ ዲስኩም ላቡ ውስጥ አይደር። በክረምት ነጎድጓዱ ሲበረታ ሰርቨሩንና ስዊቹን ከሶኬት መንቀልም አትርሺ።

ከተጫነ በኋላ ዲፕ ፍሪዝ (ማሽኑን ባለበት «የሚያበርድ» ሶፍትዌር) የሚጭኑ አሉ። ለላብ ጥሩ ነገር ነው፤ ተማሪው ያበላሸው ሪስታርት ሲደረግ ይመለሳል። ችግሩ ዝማኔውንም አብሮ ማጥፋቱ ነው። በሳምንት አንድ ማታ በረዶው የሚፈታበት ሰዓት ካላወጣሽለት ማሽኑ ከተጫነበት ቀን አንድ እርምጃ አይሄድም። የዊንዶውስ ዝማኔ በኢንተርኔታችን ፍጥነት 30 ጊዜ መውረድ የለበትም። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚባለው ሴቲንግ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከላቡ ኔትወርክ እንዲቀበሉ አድርጊ። ለሊነክሱ ላብ አፕት ካሸር ኤንጂ የሚባለውን እዚያው ፎግ ማሽን ላይ ጫኚ፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ ከኢንተርኔት አንዴ ብቻ ይወርዳል። እና እባክሽ የአድሚን የይለፍ ቃሉ የኮሌጁ ስምና ዓመቱ አይሁን። ኢሜጁ ላይ ያለው ቃል በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ነው፤ አንድ ተማሪ ካወቀው ሠላሳውንም ያውቀዋል።

ስለ ጊዜው። ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ማሽኖቹን ለይተሽ፣ ፎግን ጭነሽ፣ ኢሜጁን ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሠርተሽ ጨርሺ። ይሄ ከራስሽ ጠረጴዛ ሳትነሺ የሚሠራ ነው፤ ላቡም ትምህርት ላይ ሊሆን ይችላል። በበዓሉ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ አንቺም ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ትወርጃለሽ እንጂ ላብ ውስጥ አትቀመጪም። ለከተራና ለጥምቀት ምንም ሥራ አትያዢ። ከበዓሉ በኋላ ሁለቱን የሙከራ ማሽኖች ለመምህራኑ አስረክቢና ለጥቂት ቀን ይጠቀሙበት። ቅሬታቸውን ኢሜጁ ላይ አስተካክይ። የዊንዶውሱ ላብ ጭነት ራሱ አንድ የሥራ ቀን ነው፤ የሊነክሱም እንደዚያው። ለመብራቱ አንድ መጠባበቂያ ቀን ጨምረሽ ከአለቃሽ ላቡ የሚዘጋበት ሦስት ቀን ጠይቂ።

የቢሮዎቹን ኮምፒውተሮች ግን፣ አለቃሽ «አብረሽ ጨርሻቸው» ቢልሽ እንኳ፣ ከዚህ ሥራ ጋር አትቀላቅዪ። ፎግ ላይ ስታስመዘግቢም የፋይናንስና የሬጅስትራር ማሽኖች ከላቡ ቡድን ውስጥ አይግቡ። ላብ ውስጥ ዲስክ ሲጠፋ የሚያለቅስ የለም። እዚያ ግን የተማሪ ውጤትና የሂሳብ መዝገብ አለ። እነዚያን አንድ በአንድ፣ ባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ሲሠራ ካየሽ በኋላ ብቻ ንኪ።